ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው፦ የብግነት አመልካቾችና የአንጎል ደም መፍሰስ ታሪክ

በ1918 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮቢን ፎሬዎስ የተባለ ወጣት ስዊድናዊ ሐኪም በስቶክሆልም አንድ ነገር አስተዋለ። እንዳይረጋ ተደርጎ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ የቆመ የነፍሰ ጡር ሴት ደም ውስጥ ያሉት ቀይ ሕዋሳት፣ ከሌላ ሰው ደም ይልቅ ፈጥነው ወደ ታች ይዘቅጣሉ። እርግዝናን በደም የሚለይ ምርመራ የተገኘ መሰለ። ተስፋው ግን ብዙ አልቆየም። በሳንባ ነቀርሳ የታመሙ፣ ሌላ ኢንፌክሽን የያዛቸውና ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ደምም እንዲሁ ፈጥኖ ይዘቅጥ ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ በ1897 ፖላንዳዊው ኤድመንድ ቢየርናትስኪ በዋርሶ ይህንኑ ክስተት ገልጾ ነበር። በ1921 ደግሞ ሌላው ስዊድናዊ አልፍ ቬስተርግሬን በሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ ምርመራውን ወጥ ሥርዓት አስያዘው። ዛሬም በኢትዮጵያ ላቦራቶሪዎች “ኢኤስአር” ተብሎ የሚታዘዘው ምርመራ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው።

በዚህ አነስተኛ ታሪክ ውስጥ ቀጥሎ የመጣው የመቶ ዓመት ፈተና ሁሉ በአጭሩ ይታያል። ቁጥሩ እውነተኛ ነበር፤ የተሳሳተው ቁጥሩ የምን ምስክር እንደ ሆነ የተሰጠው ትርጉም ነው። የሰውነት ብግነት (መቆጣት) በደም ውስጥ የሚተዋቸው ምልክቶች ዛሬ የአንጎል ደም መፍሰስ የደረሰበት ሰው በቀጣዮቹ ቀናት ምን እንደሚገጥመው ለመተንበይ በየአገሩ ይመረመራሉ። ምልክቶቹ ርካሽ መሆናቸው ለድሃ አገር የጤና ሥርዓት ማራኪ ያደርጋቸዋል። ስለዚህም የፖሊሲ ሰው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። አንድ አመልካች ከመጥፎ ውጤት ጋር አብሮ መታየቱ፣ የመጥፎው ውጤት መንስኤ መሆኑን ያሳያልን? አመልካቹን ዝቅ ማድረግ በሽተኛውን ይጠቅማልን? ልኩስ የተቀመጠው በማን ደም ነው? ታሪኩ ለእያንዳንዳቸው መልስ አለው።

የጉበት ምስክርነት

በ1930 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም፣ በኦስዋልድ ኤቨሪ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የሳንባ ምች ሕሙማንን ደም ይመረምሩ ነበር። የሕሙማኑን የደም ውሃ የሳንባ ምች ከሚያመጣው ባክቴሪያ ከተወሰደ “ሲ” የተባለ ክፍልፋይ ጋር ሲያደባልቁት ዝቃጭ ሆነ፤ ሕሙማኑ ሲያገግሙ ግን ይህ ባሕርይ ጠፋ። ነገሩ ለባክቴሪያው የተዘጋጀ ልዩ መከላከያ ይመስል ነበር። ቆይቶ ግን ያው ፕሮቲን ባክቴሪያው ባልነካቸው ሌሎች ሕሙማን ደም ውስጥም ተገኘ። ዛሬ “ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን” የሚባለው ይህ ነው። የሚሠራው ጉበት ነው፤ ጉበትም የሚሠራው ከሌላ ስፍራ በደረሰው መልእክት ነው።

የመልእክቱ ማንነት ግልጽ የሆነው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1986 በጃፓን ኦሳካ እነ ቶሺዮ ሂራኖና ታዳሚትሱ ኪሺሞቶ ኋላ ኢንተርሉኪን-6 የተባለውን የመልእክት ፕሮቲን ዘረ መል ለይተው አወጡ። ጉዳት በደረሰበት ስፍራ ያሉ ሕዋሳት ኢንተርሉኪን-6ን ይለቃሉ፤ እርሱ በደም ተጉዞ ጉበት ሲደርስ ጉበቱ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንን ወደ ደም ያፈሳል። እንግዲህ ሐኪሙ በወረቀት ላይ የሚያነበው ቁጥር ሁለት እጅ አልፎ የመጣ ወሬ ነው። የሆነ ቦታ ጉዳት እንዳለ ይናገራል፤ ጉዳቱ አንጎል ውስጥ ይሁን ሳንባ ውስጥ ወይም በሽንት መተላለፊያ በገባ ቱቦ ዙሪያ፣ ያንን አይናገርም።

ሁለተኛው አደጋ

የአንጎል ደም መፍሰስ ሁለት ዋና ዋና መልኮች አሉት። አንደኛው አብዛኛውን ጊዜ ለረጅም ዘመን ባልታከመ የደም ግፊት የተጎዱ ትንንሽ የደም ሥሮች አንጎሉ ውስጥ ሲፈነዱ የሚደርሰው ነው። ሁለተኛው በአንጎል ሥር ባለ የደም ቧንቧ ላይ ያበጠ ስስ ስፍራ (አኒውሪዝም) ሲፈነዳ ደሙ በአንጎልና በሽፋኑ መካከል የሚፈስበት ነው። ሃይንሪክ ክዊንከ በ1891 በጀርመን ከኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ በመርፌ የመቅዳትን ዘዴ ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ይህ ሁለተኛው ዓይነት አስከሬን እስኪመረመር ሳይጠበቅ በሕይወት ባለ ሰው ላይ መታወቅ ቻለ። ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ በ1927 የአንጎልን የደም ሥሮች በኤክስሬይ ማሳየት ጀመረ። ኖርማን ዶት በ1931 በኤድንበራ ያበጠውን የደም ሥር በጡንቻ ሸፍኖ አጠናከረ፤ ዋልተር ዳንዲም በ1937 በባልቲሞር አንገቱን በብረት ቆንጣጭ ዘጋ።

ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላ ግን ሌላ ነገር ገሃድ ወጣ። ከመጀመሪያው አደጋ የተረፉና ሲነጋገሩ የሰነበቱ ሕሙማን ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ፣ አንዳንዴም በሁለተኛው ሳምንት፣ ድንገት ይደክማሉ፤ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ይላል፤ ንግግራቸው ይጠፋል። በ1951 አርተር ኤከርና ፖል ሪመንሽናይደር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በእንዲህ ያሉ ሕሙማን ኤክስሬይ ላይ የደም ሥሮቹ ተኮማትረው መጥበባቸውን አሳዩ። ማብራሪያው የተሟላ መሰለ፦ የፈሰሰው ደም የደም ሥሩን ያኮማትረዋል፤ የተኮማተረው የደም ሥር አንጎሉን ደም ያስርበዋል። በ1980 ሚለር ፊሸርና ባልደረቦቹ በ47 ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በሲቲ ስካን የሚታየው የደም መጠንና ስርጭት ማን ላይ መኮማተር እንደሚከሰት አስቀድሞ እንደሚጠቁም አሳዩ።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ክር ይፈተል ነበር። በ1974 ኒል-ድዋየርና ክሩክሻንክ የተባሉ የብሪታንያ ተመራማሪዎች፣ በአንጎልና በሽፋኑ መካከል ደም የፈሰሰባቸው ሰዎች ነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ከፍ ማለቱ ከከፋ መጨረሻ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ጻፉ። የፈሰሰው ደም በአንጎሉ ዙሪያ ሲፈራርስ የሰውነትን መከላከያ ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሰው መከላከያ ደግሞ የደም ሥሩን ግድግዳና አንጎሉን ራሱን ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ ግንዛቤ የተነሣው ተስፋ ቀላል ነበር፤ ብግነቱን በደም መለካትና ማርገብ።

ምስሉ ሲሻሻልና በሽተኛው ሳይሻሻል ሲቀር

ተስፋው ከመፈተኑ በፊት ግን ከደም ምርመራ ውጭ የመጣ አንድ ትምህርት መታየት አለበት። በ1989 በአራት የብሪታንያ ማዕከላት 554 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ በዕጣ የተመደቡበት ሙከራ ውጤት ታተመ። ግማሾቹ ኒሞዲፒን የተባለውን መድኃኒት፣ ግማሾቹ ማስመሰያ ወሰዱ። የአንጎል ክፍል በደም እጥረት መሞት ማስመሰያውን ከወሰዱት በ33 በመቶው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ደግሞ በ22 በመቶው ላይ ደረሰ። ኒሞዲፒን ዛሬም የሕክምናው መሠረት ነው። የሚገርመው ግን መድኃኒቱ የታሰበው የደም ሥርን መኮማተር ለመከላከል ሲሆን፣ በኤክስሬይ የሚታየውን መጥበብ ይህን ያህል አልለወጠውም።

ተቃራኒው ከ20 ዓመት በኋላ መጣ። ክላዞሴንታን የተባለው መድኃኒት በ2008 በታተመ ሙከራ በከፍተኛ መጠኑ ሲሰጥ፣ መካከለኛና ከባድ መኮማተር የታየባቸውን ሕሙማን ድርሻ ከ66 ወደ 23 በመቶ አወረደው። ምስሉን ላየ ሰው ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ይሁን እንጂ በ2011 ከ1,100 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ሰፊ ሙከራ ውጤት ሲወጣ፣ መድኃኒቱ የሕሙማኑን መጨረሻ በሚታመን ደረጃ አላሻሻለም። ምስሉን ያልለወጠው መድኃኒት ሰዉን ጠቀመ፤ ምስሉን የለወጠው መድኃኒት ሰዉን አልጠቀመም። ከዚያ ወዲህ የዘርፉ ሊቃውንት በምስል የሚታየውን መኮማተርና በሽተኛው ላይ የሚደርሰውን የዘገየ የአንጎል ደም እጥረት ለያይተው መተርጎም ያዙ።

የኢኮኖሚ ፖሊሲን የሚከታተል አንባቢ ይህን ነገር በሌላ ስሙ ያውቀዋል። ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 ስለ ብሪታንያ የገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ፣ በመረጃ ውስጥ ጸንቶ የታየ ግንኙነት ለቁጥጥር መሣሪያነት ሲውል ይፈርሳል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የገንዘብ መጠንና የዋጋ ንረት አብረው ስለሄዱ ብቻ፣ አንዱን በመጫን ሌላውን መግዛት አይቻልም። ሐኪም ቤትና ማዕከላዊ ባንክ በብዙ ነገር ይለያያሉ። አብሮ መሄድን እንደ መንስኤ የመቁጠር ፈተና ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ብግነትን የማርገብ ሙከራ

ብግነትን ለማርገብ የሚታሰበው የመጀመሪያ መድኃኒት ስቴሮይድ ነው። በ1987 በባንኮክ የተደረገ ሙከራ ዴክሳሜታዞንን አንጎላቸው ውስጥ ደም በፈሰሰባቸው 93 ሕሙማን ላይ ፈተሸ። በ21ኛው ቀን መድኃኒቱን ከወሰዱት 46 ሰዎች 21 ሞተው ነበር፤ ማስመሰያ ከወሰዱት 47 ሰዎችም የሞቱት 21 ነበሩ። በሞት ረገድ ልዩነት አልነበረም። ኢንፌክሽንና ከስኳር በሽታ የሚመጡ ችግሮች ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ እጅግ ስለበዙ ሙከራው ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። እስከዚያ ድረስ ይህ መድኃኒት “ምን ይጎዳል?” በሚል እሳቤ በብዙ አገር ይሰጥ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት በ2003 የታተመ የበርሊን ጥናት ይረዳል። ተመራማሪዎቹ በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ የተጎዳ አንጎል በጭንቀት ጊዜ በሚሠራው የነርቭ ሥርዓት አማካይነት የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይመናመናሉ፤ አይጦቹም በሳንባ ምች ይያዛሉ። አንድ አካል በተመሳሳይ ሰዓት ከመጠን በላይ የተቆጣና ከመጠን በላይ የደከመ መከላከያ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሰው ላይ መከላከያን በጅምላ ማፈን ለሳንባ ምች በር መክፈት ይሆናል።

በሌላው አቅጣጫ የተደረገው ሙከራም አልሰመረም። በ2015 በኔዘርላንድስ ከ2,500 በላይ የስትሮክ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ ኢንፌክሽን ሳይመጣ አስቀድሞ አንቲባዮቲክ መስጠት ምን እንደሚያስገኝ መረመረ። ኢንፌክሽኑ ቀነሰ፤ ሕሙማኑ በሦስተኛው ወር የነበሩበት ሁኔታ ግን አልተሻሻለም።

ዒላማውን ያጠበበ ሙከራም ተደርጓል። በማንቸስተር የሚመራ ቡድን አናኪንራ የተባለውን፣ ለቁርጥማት የሚሰጥና የኢንተርሉኪን-1ን መልእክት የሚዘጋ መድኃኒት፣ በአንጎልና በሽፋኑ መካከል ደም በፈሰሰባቸው 136 ሕሙማን ላይ ፈትሾ በ2018 ውጤቱን አሳተመ። ኢንተርሉኪን-6ም ሆነ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን በግልጽ ወረዱ። የሕሙማኑ መጨረሻ ወደ መሻሻል ያዘነበለ ቢመስልም፣ ልዩነቱ የአጋጣሚ አይደለም ለማለት የሚያበቃ አልነበረም። ሙከራው የተነደፈው በመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒቱ የደም አመልካቾቹን መቀነሱን ለማየት ነበር፤ ያንን አሳይቷል። ከዚያ አልፎ “ብግነቱን አረገብን፤ ስለዚህ ሰዉን አዳንን” የሚል ድምዳሜ ግን የክላዞሴንታንን ታሪክ መርሳት ይሆናል።

ልኩ የማን ነው?

እስካሁን የተነገረው አመልካችን ለሕክምና ዒላማ ስለ ማድረግ ነው። አመልካቹን ለትንበያ ብቻ መጠቀም ቀለል ያለ ጥያቄ ይመስላል፤ የራሱ ወጥመድ ግን አለው። በ2001 ስሎቫካዊው ሐኪም ሮማን ዛሆሬጽ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉ የካንሰር ሕሙማንን ተከታትሎ አንድ ቀላል ስሌት አቀረበ፤ የኒውትሮፊልን ቁጥር ለሊምፎሳይት ቁጥር ማካፈል። ሁለቱም በማንኛውም “ሲቢሲ” በሚባለው የደም ቆጠራ ውስጥ ስለሚገኙ ምርመራው ተጨማሪ ወጪ የለውም። ጉዳት ሲደርስ ኒውትሮፊል ይበዛል፤ ሊምፎሳይት ያንሳል፤ ውጤቱም ከፍ ይላል። ካለፉት 10 ዓመታት ወዲህ ይህ ስሌት በአንጎል ደም መፍሰስ ላይ በብዛት ተጠንቷል። ከፍ ያለ ውጤት ከሞትና ከከፋ ጉዳት ጋር አብሮ እንደሚሄድ ደጋግሞ ታይቷል። አደገኛ የሚባለው ወሰን ግን ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ ከጥናቶቹም ብዙዎቹ የመጡት ከቻይና ነው።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ከኢትዮጵያ የተገኘ አሮጌ ማስረጃ ያስረዳል። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት፣ ጤናማ ኢትዮጵያውያን በደማቸው ምን ያህል ሕዋስ እንዳላቸው ለማወቅ ተነሣ። በ1999 የታተመው ውጤት 485 ጤናማ ሠራተኞችን ያካተተ ነበር። ከእነርሱ መካከል በዕጣ የተመረጡት 142 ሰዎች ከ1,356 ጤናማ የኔዘርላንድስ ደም ለጋሾች ጋር ተነጻጸሩ። ሲዲ-4 የሚባሉት ሕዋሳት አማካይ ቁጥር በኢትዮጵያውያኑ 775፣ በደም ለጋሾቹ 993 ሆነ። ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ጤናማ ሰዎች፣ በሌላ አገር በተሠራ መለኪያ ሲታዩ ገና ከመነሻው ዝቅ ያሉ ነበሩ።

የኒውትሮፊልም ነገር እንዲሁ ነው። የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ብዙ ሰዎች ዘንድ፣ ምንም በሽታ ሳይኖር፣ የኒውትሮፊል ቁጥር ዝቅ ብሎ ይገኛል። በ2009 የወጣ ጥናት የዚህ ዋና ምክንያት “ዳፊ” የሚባለው ምልክት በቀይ የደም ሕዋስ ላይ እንዳይታይ የሚያደርግ የዘረ መል ልዩነት መሆኑን አረጋገጠ። ይኸው ልዩነት ቪቫክስ ከሚባለው የወባ ዓይነት እንደሚከላከል የታወቀው ደግሞ በ1970ዎቹ ነው። በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ሁኔታው የተደባለቀ ነው፤ ከፊሉ ይህ ልዩነት አለው፤ ከፊሉ የለውም። ስለዚህ “የአፍሪካውያን ልክ” የሚባል አንድ ቁጥርም ችግሩን አይፈታውም።

ነገሩ በሒሳብ ሲታይ ግልጽ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንዱ ሰው መነሻ 4,000 ኒውትሮፊልና 2,000 ሊምፎሳይት፣ የሌላው 1,500 ኒውትሮፊልና 2,000 ሊምፎሳይት ነው እንበል። በሁለቱም ላይ እኩል አደጋ ደርሶ ኒውትሮፊላቸው ሦስት እጥፍ ቢሆንና ሊምፎሳይታቸው በግማሽ ቢቀንስ፣ የመጀመሪያው ውጤት 12፣ የሁለተኛው 4.5 ይሆናል። የአደጋው ወሰን 5 ቢሆን፣ አንዱ የቅርብ ክትትል ሲደረግለት ሌላው ወደ ተራው ክፍል ይመለሳል። ሰውነታቸው የሰጠው ምላሽ ግን በመጠን እኩል ነበር።

ይህ ከልምድ የራቀ ስጋት አይደለም። በአሜሪካ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎዛፒን ኒውትሮፊልን ሊቀንስ ስለሚችል በደም ቆጠራ ወሰን ይታሰር ነበር። በተፈጥሮ ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ሰዎች በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ይከለከሉ ወይም ያቋርጡ ነበር። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለእነዚህ ሰዎች የተለየ ወሰን ያወጣው በ2015 ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ላቦራቶሪ ውጤቱን የሚቀበል ኢትዮጵያዊም፣ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈው “ጤናማ ልክ” ከማን ደም እንደ ተወሰደ የመጠየቅ ምክንያት አለው።

ለፖሊሲ የሚተርፈው

አንጎል ውስጥ የሚፈስ ደም ሸክሙ የከበደው በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ላይ ነው፤ ዋናው ሥሩ ያልታከመ የደም ግፊት በመሆኑ። ሲቲ ስካን በጥቂት ከተሞች ብቻ በሚገኝበት አገር፣ ከአንድ ሲቢሲ የሚወጣ ትንበያ ታላቅ ሀብት መስሎ ይታያል። በእርግጥም ሊጠቅም ይችላል። የጽኑ ሕሙማን አልጋ ጥቂት ሲሆን፣ ማን ቀድሞ ይግባ የሚለውን ለመወሰን የሚረዳ ማንኛውም ታማኝ ምልክት ዋጋ አለው። ታማኝነቱ ግን ከመጽሔት አይገዛም፤ በዚያው አገር ሕሙማን ላይ ተመዝኖ የሚገኝ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። ሆስፒታሎች በገባበት ቀን የተወሰደውን የደም ቆጠራ ከሕመምተኛው የኋላ ሁኔታ ጋር አያይዘው ቢመዘግቡ፣ የአገሩ ወሰን ከአገሩ መረጃ ሊወጣ ይችላል። በ1999 ያንን ያህል መሥራት ተችሎ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን በቅደም ተከተሉ የሚቀድም ነገር አለ። በ2023 የታተመ፣ በ10 አገሮች 7,036 አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸው ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ፣ አንድም አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ የደም ምርመራ አልፈተነም። ከአገሮቹ ዘጠኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ነበሩ። ሙከራው ያደረገው ሆስፒታሎች የታወቁትን ነገሮች ባንድነትና በፍጥነት እንዲፈጽሙ ማድረግ ነው፤ የደም ግፊትን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማውረድ፣ ስኳርን መቆጣጠር፣ ትኩሳትን ማብረድ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የወሰደን ሰው ደም ወደ ቦታው መመለስ። የሕሙማኑ መጨረሻ ተሻሻለ። ይህን ለመፈጸም የሚያስፈልጉት የግፊት መለኪያ፣ የስኳር መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ መሠረታዊ መድኃኒቶችና በየሰዓቱ የምትከታተል ነርስ ናቸው።

ለጤና ተቋማት መሣሪያ የሚለግሱ የዳያስፖራ ማኅበራትም ሆኑ በጀት የሚመድቡ ሚኒስቴሮች፣ አዲስ የምርመራ መሣሪያ ሲቀርብላቸው ሊያነሡት የሚገባው ጥያቄ ከዚህ ታሪክ ይወጣል። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ምን የተለየ ነገር ያደርጋል? ያ የተለየ ነገርስ በሽተኛውን እንደሚጠቅም በሙከራ ታይቷልን? መልሱ ገና ከሌለ፣ ገንዘቡ ቀድሞ ወደ ግፊት መለኪያውና ወደ ነርሷ ደሞዝ ቢሄድ ይሻላል። የደም ቆጠራው ግን መዝገብ ላይ ይስፈር።